የቫይታሚን ሲ ታብሌት አሴይ፦ ከአንድ ፍላስክ የወጣው ውጤት እየወረደ ይሄዳል፣ ምን ይሆን?

የቡሬት ጠብታ (ደሴ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የ500 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ታብሌት አሴይ (የይዘት መጠን ምርመራ) በአዮዲን ታይትሬሽን፣ ማለትም አዮዲን ከቡሬት እያንጠባጠብኩ፣ እየሠራሁ ነው፤ ኤችፒኤልሲ (ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) የለንም። ውጤቱ ግራ ስላጋባኝ አሠራሬን ሳልቆራርጥ ላስቀምጠው።

20 ታብሌት መዘንኩ፣ አማካይ ክብደቱ 0.652 ግራም ሆነ። በፖርሴሊን ሙቀጫ ፈጭቼ 1.5 ግራም አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ ማለት ነው) የሚይዘውን ዱቄት፣ ማለትም 1.956 ግራም፣ በ500 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በራሳችን ዲስቲልድ ውሃ አሟሟሁ። ከዚያ 50 ሚሊ ሊትር በፒፔት እያወጣሁ፣ 10 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድና 1 ሚሊ ሊትር ስታርች ጨምሬ በ0.05 ሞላር አዮዲን ታይትሬት አደረግኩ። ስሌቱ 1 ሚሊ ሊትር ታይትራንት (ከቡሬት የሚወርደው አዮዲን) ለ8.806 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ በሚለው ነው።

የመጀመሪያው እንዳሟሟሁ ተሠርቶ ሌብሉ ከሚለው 101.4 በመቶ ሰጠ። ሁለተኛው ከ40 ደቂቃ በኋላ 97.2፣ ሦስተኛው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 92.6። የሚታኘከውን ሌላ ምርት በዚያው ቀን፣ እንደተሟሟ ወዲያው ብሠራው 112.3 በመቶ ወጣ።

አዮዲኑ የተዘጋጀው የዛሬ ሦስት ወር ነው፣ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ፣ የጎማ ክዳን ያለው። ከዚያ ወዲህ ስታንዳርዳይዝ አልተደረገም፣ እውነተኛ ሞላሪቲው አልተረጋገጠም። የመጀመሪያውን ምርት አማካዩን 97.1 ብዬ ሪፖርት ላድርግ? የሚታኘከው ደግሞ ከ110 ስላለፈ ይውደቅ? የምታውቁ እርዱኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ሁለቱንም አታድርግ። ሪፖርቱም ይቆይ፣ የሚታኘከውም አይውደቅ።

ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉብህ፤ አንድ ላይ ስለመጡ ነው ግራ ያጋቡህ። ከሰዓት ወደ ሰዓት የሚወርድ ቁጥር ፍላስኩ ውስጥ ያለው አስኮርቢክ አሲድ እየጠፋ መሆኑን ይነግርሃል። የዕለቱን ውጤት ሁሉ እኩል ወደ ላይ የሚገፋ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ታይትራንቱ ነው። ከታይትራንቱ ጀምር፣ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ በጠማማ ሜትር መለካት ነው።

አዮዲን በጠርሙስ ውስጥም ይተናል። ክዳኑ ጎማ ከሆነ ጎማው ራሱ ይበላዋል፤ የክዳኑን የውስጥ ፊት እየው፣ ቡናማ ሆኖ ደርቆ ከሆነ አዮዲንህ እዚያ ነው ያለው። ብርሃንም አይወድም። አዮዲኑ ሲሳሳ ለዚያው 150 ሚሊ ግራም ብዙ ሚሊ ሊትር ይፈጃል፤ አንተ ግን አሁንም 0.05 ነው ብለህ ስለምታባዛ ውጤቱ ይተልቃል። ስለዚህ የሚታኘከው 112.3 ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው 101.4ም አጠራጣሪ ነው። ሰው ከፍ ያለውን ቁጥር ብቻ ይጠራጠራል፤ መቶ አካባቢ የወደቀውን ማንም አይጠይቀውም።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። 3.567 ግራም ፖታሲየም አዮዴት በ110 ዲግሪ አንድ ሁለት ሰዓት አድርቀህ፣ በዴሲኬተር አቀዝቅዘህ፣ በትክክል መዝነህ በ1 ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ሙላው። ይህ 0.01667 ሞላር ነው። 25.00 ሚሊ ሊትር ውሰድ፣ 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ ጨምር፣ 10 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ጨምር። ወዲያው ጥቁር ቡናማ ይሆናል። 0.1 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት እያንጠባጠብክ የገለባ ቀለም እስኪመስል ውረድ፣ ያኔ ስታርች ጨምር፣ ሰማያዊው ሲጠፋ አቁም። አንድ ሞል አዮዴት ስድስት ሞል ታዮሰልፌት ስለሚፈጅ ታዮሰልፌቱ ልክ 0.1 ከሆነ 25.00 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። የወሰደው ከዚያ ካነሰ ወይም ከበለጠ እውነተኛውን ሞላሪቲ ከእሱ አስላ። ከዚያ ከአሮጌው አዮዲን 20.00 ሚሊ ሊትር ወስደህ በዚሁ ታዮሰልፌት ታይትሬት አድርገው፤ ትክክለኛው ቁጥር ይወጣልሃል።

አዲስ አዮዲን የምታዘጋጅ ከሆነ ጥድፊያ አያስፈልግም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለ1 ሊትር 12.7 ግራም አዮዲንና 20 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በትንሽ ውሃ፣ ከ30 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ፣ አሟሟቸው። አንዲት ፍሬ እንኳ ሳትቀር እስክትሟሟ ድረስ ውሃ አትጨምር። አዮዲን በውሃ ብቻ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ የሚያሟሟው የአዮዳይዱ ጥግግት ነው። ቶሎ ካቀጠንከው የቀረችው ፍሬ ከጠርሙሱ ሥር ተቀምጣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተለቀቀች ታይትራንቱን ታወፍርብሃለች፣ እሱ ደግሞ በተቃራኒው ውጤትህን ያሳንሰዋል። ቡናማ ጠርሙስ፣ የመስታወት ክዳን፣ ቀዝቃዛ ቦታ። በተጠቀምክ ቁጥር ስታንዳርዳይዝ አድርግ።

ስለ ፍላስኩ ሌሎች ይጨምሩበት፤ እኔ ከውሃችሁ ነው የምጠረጥረው።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ ቦርከና እንዳሉት ነው፣ የውሃውን እኔ ልቀጥል።

አስኮርቢክ አሲድ በንጹሕ ውሃና በአሲድ ውስጥ ይህን ያህል ቶሎ አይሞትም። በአንድ ሰዓት ተኩል ወደ 9 በመቶ መውረዱ የመዳብ ሥራ ነው። መዳብ በጣም ትንሽ ቢሆንም፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተጠቅሞ አስኮርቢክ አሲዱን ወደ ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ ይለውጠዋል፣ ራሱ ግን አያልቅም፤ ካታሊስት ስለሆነ ይቀጥላል። አዮዲን ደግሞ ዲሃይድሮውን አያየውም። ብረትም ይህን ያደርጋል፣ ግን መዳብ ይብሳል።

የቡሬት ጠብታ፣ ዲስቲለራችሁን ክፈተው። ማሞቂያው ወይም ማቀዝቀዣው ጥቅልል መዳብ ከሆነ፣ ወይም የላዩ ልባጥ ተልጦ ቀዩ መዳብ ከታየ፣ ጨርሰሃል። የውሃ ማስቀመጫው ቧንቧ ናስ ከሆነም ያው ነው፣ ናስ መዳብ አለበት። ሙቀጫህ ፖርሴሊን መሆኑ ጥሩ ነው፤ የናስ ሙቀጫ ያለው ላብ እንዳለ ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።

ለማረጋገጥ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ሁለት ፍላስክ፣ ያው ዱቄት፣ ያው ውሃ፤ በአንዱ ላይ ብቻ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ (መዳብንና ብረትን አስሮ የሚይዝ) በሊትር 0.2 ግራም ቀድመህ አሟሟበት። ከሁለቱም በ0፣ በ40ና በ90 ደቂቃ እያወጣህ ታይትሬት አድርግ። ኢዲቲኤ ያለበት ቆሞ ሌላው ከወረደ ጥፋተኛው የመዳብ ወይም የብረት አዮን ነው። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ሌላ ነገር ፈልግ። በነገራችን ላይ ኢዲቲኤውን ለአዮዲን ዘዴ ብቻ ነው የምትጠቀምበት። በሴሪየም (በአዮዲን ፈንታ የሚሠራ ሌላ ታይትራንት) ከሠራህ ሴሪየሙ ኢዲቲኤውንም ይበላዋል፣ ውጤቱ ይጨምራል።

ዋናው መፍትሔ ግን ኢዲቲኤ አይደለም፤ ስቶክ (ለብዙ ታይትሬሽን የሚሆን አንድ ትልቅ መፍትሔ) አለመሥራት ነው። ለእያንዳንዱ ታይትሬሽን ዱቄቱን ለየብቻ በቀጥታ ኮኒካል ፍላስክ ውስጥ መዝን። አሲዱን ከውሃው ጋር ቀድመህ ጨምር፣ በአሲድ ውስጥ አስኮርቢክ አሲዱ ኦክስጅንን ይቋቋማል። አንተ አሲዱን የጨመርከው ከፍላስኩ ካወጣኸው በኋላ ነው፤ ስቶኩ ያን ሁሉ ሰዓት በባዶ ውሃ ቆይቷል። ውሃውንም 10 ደቂቃ በደንብ አፍልተህ፣ ከድነህ አቀዝቅዘህ ተጠቀም፣ ኦክስጅኑ ይወጣል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው ብለህ አትጨነቅ፤ ኦክስጅኑን የሚያስወጣው መንተክተኩ እንጂ 100 መሙላቱ አይደለም። ስታርቹም በዚያ ሙቀት በደንብ ይበስላል።

ላስታ

በኤችፒኤልሲ ብትሠሩት ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። ስቴቢሊቲ ለመከታተልማ ታይትሬሽን አይበቃም፤ አዮዲን የሚበላ ሁሉ ቫይታሚን ሲ ተብሎ ይቆጠራል።

ሐይቅ ዳር

@ላስታ፣ ሰውየው የለንም ብሏል እኮ። ኤችፒኤልሲም ቢሆን ያንኑ የመዳብ ውሃ ብታጠጣው ከዚህ የተሻለ አይነግርህም፤ ስታንዳርድህም ቫያል ውስጥ ይሞታል። ለማንኛውም ለሚያነቡ ሌሎች ይጠቅማልና አሠራሩን ብትጽፈው ጥሩ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት ከሁሉ የሚጠቅምህ ይህ ይሆናል። አዮዲን ማዘጋጀትና በየቀኑ ስታንዳርዳይዝ ማድረግ ከከበደህ አዮዲኑን ተወው። ፖታሲየም አዮዴቱን ራሱን ታይትራንት አድርገው። አይተንም፣ ብርሃን አይጎዳውም፣ ፕራይመሪ ስታንዳርድ ስለሆነ በትክክል ከመዘንከው ሞላሪቲው ያው ነው፤ ለወራት ይቆያል። አዮዲኑ የሚፈጠረው ፍላስኩ ውስጥ ነው፦ አንድ አዮዴት ከአምስት አዮዳይድና ከአሲድ ጋር ሦስት አዮዲን ይሰጣል፣ ሦስቱም ሦስት አስኮርቢክ አሲድ ይበላሉ። ስለዚህ የ3.567 ግራሙ መፍትሔ በትክክል እንደ 0.05 ሞላር አዮዲን ይሠራል፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ያው 8.806 ሚሊ ግራም ነው። ስሌትህ አይቀየርም።

በየፍላስኩ የምታደርገው፦ 150 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ የሚይዝ ዱቄት፤ ላንተ 0.1956 ግራም አካባቢ ነው፣ ልክ እሱን ለማምጣት አትልፋ፣ የመዘንከውን ጻፍ። 50 ሚሊ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ከ10 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ጋር። ሁለት ደቂቃ አዙረው። ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፣ ታልክና ማግኒዚየም ስቴሬት ነው፣ አታጥራው፤ ማጥራት አየር ማስገባት ነው። 1 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ፣ 2 ሚሊ ሊትር የስታርች ኢንዲኬተር፣ ከዚያ ወዲያው ቡሬቱን ክፈት። እያንዳንዷ ጠብታ ስትወድቅ ሰማያዊ ትሆንና ስታዞረው ትጠፋለች። መጥፋቷ ሲዘገይ ጠብታ በጠብታ ሂድ። 30 ሰከንድ የሚቆይ ሰማያዊ መጨረሻህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢመለስ ባይመለስ አታሳድደው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ብዙ ታብሌት በውስጡ ስታርች አለው፣ ማያያዣ ወይም መበታተኛ ሆኖ የገባ። የዱቄቱ ፍሬዎች አዮዲኑን ይዘው ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ከመጨረሻው በፊት ይታያሉ። መጨረሻው ነጠብጣቡ ሳይሆን የፈሳሹ ቀለም ነው። ነጭ ወረቀት ከሥር አድርግ፣ ነጠብጣቡን ትተህ ፈሳሹን እይ።

ብላንኩን አትርሳ፦ ታብሌት የሌለበት ያው ውሃ፣ አሲድ፣ አዮዳይድና ስታርች። ሳትጠብቅ ሰማያዊ ከሆነ ፖታሲየም አዮዳይድህ አርጅቷል፤ ቢጫ የሆነ ክሪስታል አትጠቀም። አዮዲኑ ቀድሞ ስለተለቀቀ የአስኮርቢክ አሲዱን ድርሻ ይበላል፣ ውጤትህም ያንሳል። ለዚሁ ነው አሲድና አዮዳይድ ቀላቅለህ አታቁም የምለው፤ አየርም ከአዮዳይዱ አዮዲን ያወጣል።

ሌላ ጥቅም፦ የአዮዲን መፍትሔ ጥቁር ስለሆነ የቡሬቱ ንባብ ከላይኛው ጠርዝ ነው፣ ሁለት ሰው ሁለት ቁጥር ያነባል። አዮዴቱ ግን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ስለሆነ እንደተለመደው ከታች ታነበዋለህ።

ሪኤጀንቱ የት ይገኛል የምትል ከሆነ፣ የጨው አዮዲን የሚለካ ላብ ፈልግ። ከአፋር የሚመጣው ጨው አዮዲን የሚገባበት በዚሁ በፖታሲየም አዮዴት ነው፤ ለመለኪያው ያው ታዮሰልፌት፣ አዮዳይድና ስታርች ያስፈልጋል። የእነሱ ታዮሰልፌት ግን 0.005 ሞላር ነው፤ ለአንተ 20 እጥፍ ቀጭን ስለሆነ መፍትሔውን ሳይሆን ዱቄቱን ለምን።

አዝዋ

ሰላም። ለሚታኘከውና ለሌሎቹ ምርቶች የሚሆን አጭር ነገር፤ አንዱ ዘዴ ለሁሉ አይሆንም።

የሚታኘክ ታብሌት ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአስኮርቢክ አሲድ አይይዝም፤ እንዳይጎመዝዝ ከፊሉ ሶዲየም አስኮርቤት ነው። ታይትሬሽኑ ሁለቱን ደምሮ ያነባል፣ ትክክልም ነው፣ ግን ስሌቱ ወደ አስኮርቢክ አሲድ ይሁን። 176.12 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ ከ198.11 ሚሊ ግራም ሶዲየም አስኮርቤት ጋር እኩል ነው። ሌብሉ ላይ "ቫይታሚን ሲ 500" የሚለውን ከ"ሶዲየም አስኮርቤት ይህን ያህል" ከሚለው መስመር ጋር አታምታታ፤ ይህን ብቻ ተሳስቶ 12 ነጥብ 5 በመቶ የሚስት አለ። ያንተ 112.3 ለዚህ በጣም ቅርብ ስለሆነ ቀድመህ እይ።

የሚፈላው ታብሌት (ኤፈርቨሰንት) ባይካርቦኔት አለው። 10 ሚሊ ሊትር አሲድህን ቅድም እሱ ይጨርሰዋል፤ መፍትሔው ካልጎመዘዘ አዮዲኑ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፣ መጨረሻውም ይንሸራተታል። አሲዱን ቀስ እያልክ ጨምር፣ አረፋው ካቆመ በኋላ በፒኤች ወረቀት ከ2 በታች መሆኑን እይ። ቀለሙ ብርቱካናማ ከሆነ ሰማያዊ አትጠብቅ፣ ቆሻሻ አረንጓዴ ነው የሚሆነው። ሌላ ፍላስክ ከመጨረሻው ትንሽ በፊት አቁመህ ጎን ለጎን አስቀምጥና አወዳድር።

መርፌ ከሆነ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት አለበት ወይ ብለህ ሌብሉን አንብብ። እሱም አዮዲን ይበላል። አሴቶን ጨምረህ አምስት ደቂቃ ብታቆየው ይይዘዋል።

ብረትና ቫይታሚን ሲ አንድ ላይ ያለበትን በሴሪየም አትሞክረው። የብሪታንያው ፋርማኮፒያ ለተራው ታብሌት ሴሪየምን ከፌሮይን ኢንዲኬተር ጋር ይጠቀማል፣ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ሴሪየም ፌረሱንም (በታብሌቱ ያለውን ብረት) ስለሚበላ ውጤትህ ሰማይ ይነካል። አዮዲን በአሲድ ውስጥ ፌረሱን አይነካውም።

ላስታ

ጻፍ ስለተባልኩ፦ ሲ 18 ኮለም፣ 250 በ4.6 ሚሊ ሜትር፣ 5 ማይክሮን። ሞባይል ፌዝ፦ 2.72 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት በሊትር፣ በፎስፎሪክ አሲድ ፒኤች 2.5 የተደረገ፤ 95 እጅ ከ5 እጅ ሜታኖል ጋር። ፍሰት በደቂቃ 1.0 ሚሊ ሊትር፣ 245 ናኖ ሜትር፣ 10 ማይክሮ ሊትር። ስታንዳርዱም ናሙናውም በሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊ ግራም፣ ማሟሟቻው 2 በመቶ ሜታፎስፎሪክ አሲድ፤ እሱ አሲድም ነው፣ መዳቡንም ያስራል። ሜታፎስፎሪኩ ሲቆይ ወደ ተራ ፎስፎሪክ ስለሚለወጥ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጅ፣ ፍሪጅ ይግባ።

ፒኤቹ ለምን 2.5? የአስኮርቢክ አሲድ ፒኬኤ (ግማሹ አዮን የሚሆንበት ፒኤች) 4.2 አካባቢ ነው። ፒኤቹን 4 ብታደርጉት 40 በመቶ ያህሉ አዮን ሆኖ ቀድሞ ይወጣል፣ ፒኩ ይንጋደዳል፣ ፒኤቹ ትንሽ በተነካ ቁጥር ሰዓቱ ይቀያየራል። እንዲያም ሆኖ ቶሎ የሚወጣ ነገር ስለሆነ ከቮይድ (ኮለሙ ሳይዘው ከሚያልፈው) መለየቱን ሳታረጋግጡ ቁጥሩን አትመኑ።

የእኛ አገር ችግር መብራት ነው። ሞባይል ፌዙ 95 በመቶ ውሃ ስለሆነ ፓምፑ ድንገት ሲቆም ውሃው ከሲ 18ቱ ቀዳዳዎች ይሸሻል፤ መብራት ሲመጣ ፒኩ በጣም ቀድሞ ይወጣል፣ ሰው ኮለሙ ሞተ ይላል። አልሞተም። በመጀመሪያ በ50 በ50 ውሃና ሜታኖል እጠቡት፣ ከዚያ ወደ ሞባይል ፌዙ መልሱት። ከፎስፌቱ በቀጥታ ወደ 100 በመቶ ሜታኖል መሄድ ግን ጨው ያረጋል፣ ያኔ እውነትም ይሞታል። ማቀዝቀዣ ያለው ኦቶሳምፕለር ከሌለ ስታንዳርዱን በመጀመሪያ፣ በመሐልና በመጨረሻ አስገቡ፤ በመሐል ከወረደ ናሙናውም ወርዷል ማለት ነው።

ከሁለቱም ለሌለው ሰው፣ ስፔክትሮፎቶሜትር ካለ፣ ማጣቀሻ ስታንዳርዱን በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም አድርጎ በ243 ናኖ ሜትር ማንበብ ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት ከ0.545 እስከ 0.585 መሆን አለበት። ካነሰ ስታንዳርዱ ራሱ ተበላሽቷል። ታብሌቱን ግን በዚህ አሴይ አታድርጉ፤ ማጣፈጫውም ቀለሙም እዚያው አካባቢ ያነባል።

የቡሬት ጠብታ (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ውጤቱ ይኸው።

ታዮሰልፌቱ ለ25.00 ሚሊ ሊትር አዮዴት 24.93 ፈጀ፣ ስለዚህ 0.1003 ሞላር ነው። ከአሮጌው አዮዲን 20.00 ሚሊ ሊትር 18.82 ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት ፈጀ። 18.82 በ0.1003 ተባዝቶ፣ ለ2 ከዚያም ለ20 ሲካፈል 0.0472 ሞላር። ያ ማለት ቁጥሮቼ ሁሉ በ0.944 ይባዛሉ፦ 101.4ቱ 95.7 ይሆናል፣ 112.3ቱ 106.0። የሚታኘከው ሌብል ላይ 500ው በአስኮርቢክ አሲድ የተሰላ ነው፣ እሱን አይቻለሁ።

የኢዲቲኤውን ሙከራ በአዲሱ ቁጥር ሠራሁት። ኢዲቲኤ ያለበት 95.8፣ 95.6፣ 95.5። የሌለበት 95.9፣ 91.6፣ 87.2። ዲስቲለሩ ሲከፈት የውስጡ ጥቅልል ልባጡ ተልጦ ቀዩ ወጥቷል።

በቀጥታ በአዮዴት፣ ውሃውን ከፋርማሲ የመርፌ ውሃ ገዝቼ፦ 0.1963 ግራም ዱቄት፣ ንባብ 16.48፣ ብላንክ 0.05፣ የተጣራ 16.43 ሚሊ ሊትር። በ8.806 ሲባዛ 144.7 ሚሊ ግራም፤ ለአንድ ታብሌት 480.6፤ ማለትም 96.1 በመቶ። ሌሎቹ ሁለቱ 95.8ና 96.3። የአሜሪካው ፋርማኮፒያ ለታብሌቱ ከ90.0 እስከ 110.0 ስለሚል ሁለቱም ምርቶች ያልፋሉ ማለት ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

በአሴይ ያልፋሉ፤ የሚታኘከውን ግን በስሌት ከማስተካከል በአዮዴቱ እንደገና ሥራው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ነው።

አሁን ያንን 97.1 ተመልሰህ እየው። አዮዲኑ ወደ ላይ ሲጎትት ውሃው ወደ ታች ጎተተ፣ ሁለት ስህተት ተደጋግፈው ቆመው ከእውነተኛው 96 አጠገብ አረፉ። ሪፖርት አድርገኸው ቢሆን ማንም አይጠይቅህም ነበር። የሦስቱ ውጤት መራራቅ ነው ያዳነህ፤ ስለዚህ አማካይ ከመውሰድህ በፊት ሁልጊዜ በተሠሩበት ሰዓት ቅደም ተከተል አስቀምጣቸው። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቁጥሮች አማካይ የላቸውም።

ጥቅልሉ እስኪቀየር ድረስ ያንን ውሃ ለምንም አትጠቀም፣ ለማጠብም ጭምር። ብርጭቆዎቹን በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አሳድረህ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃቸው።

ሌላው፣ ያ አዮዲን ሦስት ወር ሠርቷል ብለሃል። በእሱ የወጣ ሌላ ውጤት አለ?

የቡሬት ጠብታ (ደሴ)

ሦስት ባች አለ ጋሼ። 98፣ 103ና 94 በመቶ ብለን ያሳለፍናቸው። ከሁለቱ የተቀመጠ ናሙና አለ፣ 94ቱ ግን አልቋል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ያለውን ነገ ጠዋት በአዮዴቱ ሥራ። የሚያሳስበው ደግሞ ያለቀው ነው። አዮዲኑ በየቀኑ ስንት እንደነበረ ስለማይታወቅ ወደ ኋላ ሄደህ በ0.944 አታባዛው፤ ያ የዛሬው ቁጥር ነው እንጂ የዚያን ቀን አይደለም። ግን 94 በ0.944 ሲባዛ 88.7 ስለሚሆን ከ90 በታች የመሆን ዕድል አለው። ውጤቱን በመዝገቡ ላይ ሳትፍቅ በአንድ መስመር ሰርዘው፣ "ታይትራንቱ አልተረጋገጠም" ብለህ ቀንና ፊርማ አድርግበት፣ ለጥራት ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቅ፣ ከገበያ ወይም ከመጋዘን የዚያን ባች አዲስ ናሙና ይምጣልህ።

ሐይቅ ዳር

ናሙናው ሲመጣ ከአንድ ካርቶን ብቻ እንዳይሆን። ፀሐይ ላይ የቆመና ጥላ ውስጥ የቆመ አንድ አይደለም፤ ቡናማ ነጥብ ያለበት ታብሌት ካየህ ለብቻው ለይተህ መዝግብ።

የቡሬት ጠብታ (ደሴ)

እሺ እህቴ፣ እሺ ጋሼ። ሐሙስ ቁጥሩን እዚሁ አስቀምጣለሁ።